ያለ ሻምፑ ፀጉር መታጠብ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሻምፑ ማቆሜን የሰማ የጅማ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ ጻፍኩት።

ያለ ሻምፑ ፀጉር እውነት ይፀዳል?

ይፀዳል። አያቶቻችን ሻምፑ የሚባል ነገር ሳያውቁ ፀጉራቸውን ታጥበው፣ ተሠርተው፣ አምረው ኖረዋል። ግን "ያለ ሻምፑ" ማለት "ያለ ምንም" ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፀጉር ላይ የሚጠራቀመው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። አቧራና ላብ አለ፤ ይሄን ውሃና ጣት ያወጣዋል። ከራስ ቆዳ የሚወጣ ቅባት አለ፤ ይሄ በሞቀ ውሃ ትንሽ ትንሽ ይለቃል፣ ቀሪውን ግን ይዞት የሚሄድ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ደግሞ እኛው ራሳችን የምንለጥፈው አለ፦ ቅቤው፣ ቫዝሊኑ፣ ጄሉ። ሻምፑ ሁሉንም በአንዴ ጠርጎ ይወስዳል፣ ቅጠል ግን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ቫዝሊን በየቀኑ እየተቀባችሁ በቅጠል እታጠባለሁ ካላችሁ አይሆንም፣ መጀመሪያ ቫዝሊኑን ተዉት።

እሺ፣ በምን ልታጠብ?

ቲክቶክ ላይ የምታዩት የጓዳ ዕቃ ሁሉ ፀጉር አያጥብም። እኔ ለሁለት እከፍለዋለሁ፦ የሚያጥብና የሚያለሰልስ። የሚያጥቡት የቁርቁራ ቅጠል፣ እንዶድ፣ የሽምብራ ዱቄትና የእንቁላል አስኳል ናቸው። ተልባ፣ እሬት፣ አብሽ፣ ማርና ቅቤ ያለሰልሳሉ እንጂ አያጥቡም። በተልባ ታጥቤ አልፀዳልኝም ማለት ገላን በቫዝሊን አሽቶ ቆሻሻው ለምን አልለቀቀም እንደማለት ነው።

ቁርቁራና እንዶድ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ። ውሃ ውስጥ ሲመቱት አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው። በአንድ በኩል ቅባት ይይዛል፣ በሌላው ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ሲፈስ ቅባቱን አብሮ ይጎትተዋል። ሳሙናም ሻምፑም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። አስኳል ውስጥ ያለው ሌሲቲንም ለዚህ ሥራ ይሆናል። የሽምብራ ዱቄት ደግሞ ቅባቱን ይመጠዋል።

የኔ ምርጫ ቁርቁራ ነው። ደርቆ የተፈጨው ሲድር ይባላል፣ ሶማሌዎች ቀሲል ይሉታል፣ ለፊትም ይቀቡታል። ሂና የሚሸጥ ሱቅ ከገባችሁ ሲድር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስትገዙ ግን ቀለሙን እዩት፤ እንደ ደረቀ ጎመን አረንጓዴ መሆን አለበት፣ ቡናማ ከሆነና ሽታ ከሌለው ቆይቷል ማለት ነው።

ሽምብራ የምትሞክሩ ደግሞ፣ ሽምብራ ብቻውን የተፈጨ ነው ያልኩት። ሽሮ አላልኩም። የአክስቴ ልጅ ያው ሽምብራ ነው ብላ የቤት ሽሮ ራሷ ላይ በጥብጣ፣ በርበሬው ግንባሯ ላይ ሲወርድ ግማሽ ሰዓት ቧንቧ ሥር ቆማ አልቅሳለች።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት ነው የምትታጠቢው?

ሲድሩን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ አድርጌ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እጨምራለሁ። ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስኩ በማንኪያ እመታዋለሁ፣ እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን። ቀለሙ አረንጓዴ፣ ሽታው የታጨደ እርጥብ ሣር ነው። አሥር ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ሳላጠልል ነበር የተቀባሁት፤ በማግሥቱ ሥራ ቦታ አንገቴ ላይ ቅጠል እያራገፍኩ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ሻሽ ነው የማጠልለው።

ፀጉሬን በውሃ አርሼ ለአራት እከፍለዋለሁ። ከዚያ የተጠለለውን ሥሩ ላይ እያፈሰስኩ በጣቴ ሥጋ አሻለሁ፣ በጥፍር አይደለም። ብዙ አረፋ አትጠብቁ። አረፋ ትንሽ ስለሆነ አልያዘኝም ብላችሁ ደጋግማችሁ አትጨምሩ። አምስት ደቂቃ ካሸሁ በኋላ ራሴን ወደ ኋላ ጥዬ አለቀልቀዋለሁ፣ ወደ ፊት ከሆነ ዓይን ይገባል።

ሥራው ያለው ማለቅለቁ ላይ ነው። ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ይደርሳል፣ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሊያልቅብኝ ምንም አይቀረውም። ውሃ በሌለበት ቀን አትጀምሩት። ያልለቀቀ ቅጠል ደርቆ ሲያሳክክ ሰው ፎረፎር ነው ይለዋል።

በስንት ጊዜ ልታጠብ?

የብዙዎቻችን ፀጉር የተጠቀለለ ነው። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ቅባት በጥቅልሉ ቶሎ መውረድ ስለማይችል ሥሩ ላይ ይቀራል፣ ጫፉ ይደርቃል። ስለዚህ በየቀኑ መታጠብ ለኛ አይሆንም። በሳምንት አንዴ፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ፀጉሩ ለስለስ ያለና ሥሩ ቶሎ የሚወዛ ሰው በሳምንት ሁለቴ ሊያስፈልገው ይችላል።

ስፖርት የምትሠሩ፣ ወይም በበጋ በባጃጅ አቧራ ስትጠጡ የምትውሉ፣ በመሃል በውሃ ብቻ ተለቅለቁ። ላብ ጨው ነው፣ ለጨው ውሃ ይበቃዋል።

የቡና አተላስ? ጅማ ተቀምጠን ቡና ካልሞከርን!

ሞክሬዋለሁ። ከጀበና የወጣ አተላ ሙሉ ሲኒ። ያጥባል? አያጥብም። ጥቁር ፀጉር ላይ ትንሽ የማጥቆር ነገር አለው፣ እሱም በቀጣዩ ውሃ ይሄዳል፣ ፎጣውን ግን ለዘላለም ነው ያበላሸብኝ። ፍርፋሪው ደግሞ ጥቅልል ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሎ ለሦስት ቀን ትራሴ ላይ ቡና ለቀምኩ። ቡናውን ጠጡት፣ አተላውን አበባ ሥር ድፉት።

እንዶድ ተፈጥሯዊ አይደል? ለምን አትመክሪውም?

አያቴ ጋቢና ነጠላ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ኦሮምኛው ሃንዶዴ ነው። ፍሬውን ታደርቅና በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፣ ሳፋ ውስጥ ውሃ ትጨምርበትና በእጇ ስትመታው አረፋው ከሳፋው አፍ ያልፋል። ነጠላው ሲወጣ ያበራል። ያጥባል ወይ ካላችሁኝ፣ በጣም ያጥባል። ችግሩም እሱ ነው።

የእንዶድን ጉልበት ዓለም ያወቀው በልብስ አጣቢ ሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚሸከሙት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ምርምሩ ከዚያ ቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙበት። እንግዲህ ቀንድ አውጣ የሚፈጅ ነገር ለዓይናችሁ የሚራራ አይምሰላችሁ።

እኔ አንዴ ታጥቤበት ጠብታው ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ እስከ ማታ ድረስ ቀልቶ እንባዬ ሲወርድ ዋለ። ፀጉሬም ቅባቱን ሙልጭ አድርጎ ስለወሰደው እንደ ጭድ ሆነ። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን ልጅ፣ ራሱ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ባይነካው ይሻላል። መዋጥማ ጨርሶ፣ መርዝ ነው። እጣቢውንም አዌቱ ወንዝ ውስጥ አትድፉት፣ ዓሣም ይገድላል። ለጋቢ ግን አሁንም ወደር የለውም።

በእንቁላል ስታጠብ በስሎ ፀጉሬ ላይ ቀረ። ምን አጠፋሁ?

ውሃሽ ከምድጃ የወረደ ነበር ማለት ነው። የእንቁላል ነጩ የሚረጋው 60 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ተራ የገላ ውሃ እዚያ አይደርስም፣ ማንቆርቆሪያ ያለቅጥ ካፈላችሁ ግን ይደርሳል፣ ራሳችሁንም ያቃጥላል። ውሃው ለብ ይበል። ነጩን ተዉትና አስኳሉን ብቻ ተጠቀሙ። የሚያጥበው እሱ ነው፣ ነጩ ሲደርቅ ክር ሠርቶ ይጣበቃል፣ ይሸታልም። ሁለት አስኳል ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጋር መምታት ለመካከለኛ ፀጉር ይበቃል። እንቁላል በዚህ ዋጋ ራስ ላይ መስበር ግን ለኔ ኅሊናዬን ይቆረቁረዋል።

ተልባ፣ አብሽና እሬትን እንዴት ነው የምጠቀማቸው?

ከታጠባችሁ በኋላ፣ በኮንዲሽነር ቦታ። ተልባ ከሁሉም ይሻላል። ሳይፈጭ፣ ሩብ ኩባያውን በሁለት ኩባያ ውሃ አፍሉት፤ ከማማሰያው ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ክር እየሠራ ሲወርድ አውርዱት። ወዲያው በትኩሱ አጥልሉት። ቡና ልጠጣ ብላችሁ ከቆያችሁ ይረጋና ከጨርቁ አልወጣም ይላችኋል። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ውጪ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ይጎመዝዛል።

አብሽ ሌሊቱን ተነክሮ ያድርና ውሃው ይቀባል፣ ያለሰልሳል፣ እውነት ነው። ሽታው ግን ከታጠባችሁም በኋላ አይለቅም። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው አራስ ጥየቃ የመጣ ይመስለዋል። እኔ ለቅዳሜ ብቻ ነው የማስቀምጠው።

እሬት ላይ ተጠንቀቁ። ቅጠሉን ስትቆርጡት ከልጡ ሥር ቢጫ ውሃ ይወጣል፣ ያ ነው ቆዳ የሚያሳክከው። ቅጠሉን ብርጭቆ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ቢጫው ወርዶ ይለቅ፣ ከዚያ ልጡን ልጡና ውስጡ ያለውን እንደ መስታወት የጠራውን ብቻ ውሰዱ። መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሩት። ማርም ከተጠቀማችሁ አንድ ማንኪያውን በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጡት። የጅማ ደን ማር ለፀጉር ማዋል ግን፣ እኔ እንጃ፣ ለዳቦ ይሻለኛል።

ለጋ ቅቤ ተቀብቼ አልለቅ አለኝ። ያለ ሻምፑ እንዴት ላስለቅቀው?

ይሄ ጥያቄ በተለይ በዓልና ሠርግ ሲደርስ ነው የሚበዛው። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሱ ቅቤው ይረጋና ይብስባችኋል። የሲድር ውሃም ብቻውን አይችለውም፣ ከላይ ከላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ውሃ ከመንካታችሁ በፊት ግማሹን ሥራ በደረቁ ጨርሱት።

እንዲህ ነው የማደርገው። ፀሐይ ላይ ትንሽ ተቀምጬ ቅቤው እስኪቀልጥ እጠብቃለሁ። በአሮጌ ቲሸርት ከሥር ወደ ጫፍ እየጨመቅሁ አብሰዋለሁ፣ ቲሸርቱ ራሱ ቅቤ እስኪሆን። ከዚያ ደረቅ የሽምብራ ዱቄት ሥሩ ላይ ነስንሼ በጣቴ አዳርሳለሁ፣ ሩብ ሰዓት እተወዋለሁ። ዱቄቱ ቅቤውን ይጠጣና ትናንሽ ፍርፋሪ ይሆናል፤ በሰፊ ማበጠሪያ አራግፈዋለሁ። ይሄን ውጪ አድርጉት፣ ሳሎን ውስጥ ያደረግሁ ቀን እናቴ ሊጥ ነው ያቦካሽው ብላኛለች። በመጨረሻ ሞቅ ባለ ውሃና በሲድር ሁለት ጊዜ እታጠባለሁ። አንድ ጊዜ አይበቃም።

ይሄ ሁሉ አድካሚ ነው ካላችሁ ያን ቀን ሻምፑ ተጠቀሙ። ማንም አይከሳችሁም። እኔም ለእህቴ ሠርግ ዋዜማ አድርጌዋለሁ። ቅቤ ደግሞ እርጥበት አፍኖ ይይዛል፣ ጫፍ እንዳይሰበር ይረዳል እንጂ ፀጉር አያበቅልም፣ ስለዚህ ለጫፉ ትንሽ ከተቀባችሁ ለራስ ቆዳው ግማሽ ኪሎ መለጠፍ አያስፈልግም።

አቼቶ ይሻላል ወይስ ሎሚ?

አቼቶ። ከታጠባችሁ በኋላ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩና አፍስሱት። ፀጉር ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነገር ይወዳል፤ የላይኛው ቅርፊቱ ይተኛለታል፣ ያበራል፣ ማበጠሪያም አይዝም። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ሳይበጠብጡ ማፍሰስ ግን ቆዳ ያቃጥላል።

ሎሚ እንደየፍሬው ስለሚለያይ ልኩ አይታወቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። ግንባራቸውና አንገታቸው ላይ እንዲህ ሆኖ ክሬሙን የሚረግሙ ሰዎች አውቃለሁ። ሎሚው ነው።

ቤኪንግ ሶዳ?

ተዉት። የራስ ቆዳ የኮምጣጣነት ልክ (pH) 5.5 አካባቢ ነው፣ የሶዳ ውሃ ከ8 በላይ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። የመጀመሪያ ቀን ፀጉራችሁ ጭው ብሎ ይፀዳል፣ ሁለት ወር ሳይሞላ እየተሰበረ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የድስት ቃጠሎ ማስለቀቂያ ነው።

በልብስ ወይም በገላ ሳሙና ብታጠብስ? ሳሙናም ሻምፑ አይደለም።

ትክክል ነው፣ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ ከሻምፑ የባሰ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ላይ ሳሙና ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ሳፋው ዙሪያ የምታዩት ያ ቀለበት ማለት ነው። እሱ ፀጉር ላይ ሲቀመጥ ፀጉሩ ይደነዝዛል፣ ይጣበቃል። በሳሙና መታጠብ ግድ ከሆነ ኋላ በአቼቶ ውሃ ተለቅለቁ።

ወይም በዝናብ ውሃ ታጠቡ። ጅማ ዝናብ አታጣም፣ የዝናብ ውሃ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ የሳሙናው አረፋ ይጨምራል፣ ቶሎም ይለቃል። የቆርቆሮ ጣራ ውሃ ስትይዙ ግን በርሜሉን ወዲያው አትደቅኑ። የመጀመሪያው ውሃ የአቧራ፣ የዝገትና የወፍ ኩስ ነው። ሩብ ሰዓት ዘንቦ ጣራው ሲታጠብ ያኔ ደቅኑ።

በክረምት ፀጉሬ አይደርቅም፣ ይሸታል። የቅጠሉ ችግር ነው?

ቅጠሉ አይደለም፣ እርጥበቱ ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ፀጉር ከካልሲ አይሻልም። እርጥብ ፀጉር በሻሽ ወይም በሂጃብ ተሸፍኖ ሲውል፣ ወይም እርጥቡን ሹሩባ ሲሠራ፣ እንደ ታፈነ ጨርቅ መሽተቱ አይቀርም።

ጠዋት ታጠቡ እንጂ ማታ አትታጠቡ። በፎጣ አትፈትጉት፣ በጥጥ ቲሸርት ጠቅልላችሁ ጨምቁት። ከዚያ ለስድስት ለሰባት ከፍላችሁ ፍቱት፣ አየር ይግባው። ካስክ ያለው ፀጉር ቤት ሄዳችሁ ማድረቅ ብቻ ነው የምፈልገው ማለትም ይቻላል፣ ነውር የለውም። ከሰል አያይዛችሁ በር ዘግታችሁ ግን እንዳታደርቁ። የከሰል ጭስ በማይታይ በማይሸት ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ለፀጉር ብሎ የሚሞት የለም።

ሻምፑ ሳቆም ፀጉሬ ወዛ። ታገሺ፣ ይለምዳል ይሉኛል። እውነት ነው?

ፀጉር አይለምድም። ቅባቱን የሚያመርቱት ከቆዳ ሥር ያሉ ዕጢዎች ናቸው፣ እነሱን ደግሞ የሚያዙት ሆርሞንና ዕድሜ ናቸው እንጂ ሻምፑ አይደለም። በምን እንደታጠባችሁ አያውቁም። ታዲያ ከሁለት ወር በኋላ ተሻለኝ የሚለው ሰው ውሸቱን ነው? አይደለም። እጁ ነው የለመደው። እንዴት እንደሚያሽ፣ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ፣ ቅባት ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት አውቋል።

ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሙሉ በሚሸት ራስ አትታገሡ። በሦስተኛው እጥበት ካልተሻሻለ ወይ አላጠባችሁም፣ ወይ አላለቀለቃችሁም።

ሹሩባ ላይ ወይም ሂውማን ሄር እያለኝ እንዴት ልታጠብ?

ዱቄት ነገር በፍጹም። ሽምብራውም ሲድሩም መስመሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሲድሩን በጥብጣችሁ ሁለት ጊዜ አጥልሉት፣ ውሃውን ብቻ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አድርጉ፣ ክዳኑን በጋለ መርፌ ሦስት ቦታ ብሱት። ከዚያ መስመር ለመስመር እየጨመቃችሁ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ እሹ። በዚያው ሃይላንድ በንጹህ ውሃ ደግማችሁ አስለቅቁት። የሂውማን ሄሩ ሥር ሳይደርቅ ሻሽ አትጠምጥሙበት፣ እዚያ ውስጥ የሚታፈነው እርጥበት ነው ኋላ የሚያሳክከው።

ፎረፎር አለብኝ። የትኛው ቅጠል ያጠፋዋል?

እዚህ ላይ ቅር ልትሉኝ ነው። የፎረፎር ዋና ምክንያት ሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ነው፣ ምግቡም ቅባት ነው። ቆዳዬ ደረቀ ብላችሁ ቅቤና የወይራ ዘይት ስትጨምሩ እሱን ቀለብ እየሰፈራችሁለት ነው። እኔም ዓመት ሙሉ ቀልቤዋለሁ።

ከባድ ካልሆነ ቅባቱን ማቆምና በሳምንት አንዴ በደንብ መታጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ ፋርማሲ ሄዳችሁ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ ግዙ። አዎ፣ ሻምፑ። በሳምንት ሁለቴ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ራስ ላይ አቆይቶ ማለቅለቅ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። ሲሻላችሁ ወደ ቅጠላችሁ ተመለሱ።

የልጄ ራስ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩ ይነቀላል። ምን ልጠበው?

ምንም አትጠቢው፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ከላይ የሚቀባም የሚታጠብም ነገር አይደርስበትም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚያድነው። ነጭ ሽንኩርት እየፈጨሽ ብትለጥፊለት ልጁ ይቃጠላል፣ ቆረቆሩ እዚያው ይቀመጣል። ማበጠሪያውንና ኮፍያውን ከወንድም እህቶቹ ለዪ፣ ተላላፊ ነው።

ቅማል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። አቼቶ ቅማል አይገድልም። ፀጉሩን አርሶ፣ ዘይት ወይም ተልባ ቀብቶ፣ ጥርሱ በጣም በቀጠነ ማበጠሪያ በየሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት መልቀም ይረዳል፣ ቅጫሙ ተፈልፍሎ እስኪያልቅ። ላምባ እንዳታፈሱበት ግን። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ የተለመደ ነበር፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ከእሳት አጠገብ ደግሞ ይያዛል።

በተፈጥሮ ከታጠብኩ ፀጉሬ ቶሎ ያድጋል? መርገፉስ ይቆማል?

ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ በሲድርም ሆነ በውድ ሻምፑ። ልዩነቱ መሰበሩ ላይ ነው። ፀጉሬ አያድግም የሚል ብዙ ሰው ፀጉሩ ያድጋል፣ ግን ያደገውን ያህል ከታች በኩል ይቆረሳል። በካውያና በፒያስትራ የተቃጠለ ጫፍ በየትኛውም ቅጠል አይጠገንም፣ ተቆርጦ ነው የሚወጣው።

በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መርገፍ ጤነኛ ነው። ሳምንት ሙሉ ተሠርቶ የከረመ ሹሩባ ሲፈታ እጅ ሙሉ ፀጉር ቢወጣ አትደንግጡ፣ የሰባት ቀኑ ድምር ነው። ከወለዱ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በብዛት የሚረግፍባቸው እናቶችም አሉ፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፦ ግንባርና ጆሮ ጠርዝ ላይ ያለው ወደ ኋላ እየሸሸ ሲሄድ። እሱ የሹሩባ መወጠር ነው፣ እየቆየ ሥሩ ከሞተ አይመለስም። ስትሠሩ ግንባራችሁ ከተሳበና ማታ መተኛት ካቃታችሁ፣ ሠሪዋ ብትቀየምም ያን ዕለት አስፈቱት።